የቡት ሜኑን በማውስ ማስተካከል፦ ግሩብ ከስተማይዘርን ጭናችሁ እንዴት እንደምትጠቀሙበት

ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊኑክስና ዊንዶውስ ጎን ለጎን ካሉ፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የሚመጣውን ዝርዝር ታውቁታላችሁ። ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ስክሪን፣ ከላይ «ጂኤንዩ ግሩብ» የሚል ጽሑፍ (ይህን ዝርዝር የሚያሳየውና ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም ስም ነው)፣ ከሥሩ አምስት ስድስት መስመር። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰከንድ ይቆጥርና፣ ዝም ካላችሁት ራሱ መርጦ ይገባል። ችግሩ እሱ የመረጠው እናንተ የፈለጋችሁትን ላይሆን ይችላል።

እኛ ቤት አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ነው የምንጠቀመው። እኔ ኡቡንቱ፣ እህቴ ዊንዶውስ። እሷ ማሽኑን አብርታ ሌላ ነገር ልሥራ ብላ ዞር ስትል፣ ስትመለስ ኡቡንቱ የእኔን ፓስወርድ እየጠየቀ ይጠብቃታል። እንደገና ሪስታርት፣ እንደገና ጥበቃ። ሰለቻትና «አንድ ነገር አድርግበት እንጂ» አለችኝ። እኔም የግሩብን ፋይል ከፍቼ መስመሮቹን ቆጠርኩ። ግሩብ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ ኡቡንቱ 0፣ ተጨማሪ አማራጮች የሚለው 1፣ ዊንዶውስ 2። ስለዚህ «2» ብዬ ጻፍኩና ጨረስኩ። ለወራት ምንም ሳይል ሠራ።

ከዚያ ኡቡንቱን ወደ አዲሱ ስሪት አሳደግኩት። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ደወለች። «አንተ፣ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ቁጥር ይቆጥራል፣ ቫይረስ ነው እንዴ?» ቫይረስ አልነበረም። ሜምቴስት የሚባለው የሚሞሪ መፈተሻ ነው። ይህ ፕሮግራም ከ6ኛው ስሪቱ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ በዩኢኤፍአይ ማሽኖች ላይም (ዩኢኤፍአይ በአዳዲስ ማሽኖች ላይ የድሮውን ባዮስ የተካው ማስነሻ ነው) መሥራት ጀምሯል። ስለዚህ ሲስተሙ ሲታደስ ሜኑው ውስጥ ከዊንዶውስ በላይ ገብቶ ቁጭ አለ። ቁጥር 2 ላይ ያለው አሁን እሱ ሆነ። እኔ የጻፍኩት ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም፤ ግሩብ ደግሞ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

የግሩብን ሴቲንግ የሚቀይረውን ፕሮግራም፣ ግሩብ ከስተማይዘርን፣ የወደድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ በመስኮት ያሳያችኋል። ዊንዶውስን በቁጥሩ ሳይሆን በስሙ ትመርጡታላችሁ። ቀለምና ምስል መቀየርም ይቻላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ ማሽናችሁን እዩት

ፕሮግራሙ የሚሠራው ግሩብ ላለበት ማሽን ብቻ ነው። ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንትና ዴቢያን በተለምዶ ግሩብን ነው የሚጠቀሙት። ፖፕ ኦኤስ ግን በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ሲስተምዲ ቡት የሚባል ሌላ ፕሮግራም ስለሚጠቀም፣ እዚያ ላይ ብትጭኑት ልፋት ብቻ ነው።

ሊኑክስ ብቻውን ያለበት ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ሜኑው ተደብቆ ስለሚያልፍ የለም ብላችሁ ልታስቡ ትችላላችሁ። አለ። ማሽኑ ሲነሳ በዩኢኤፍአይ ላይ ኢስኬፕን፣ በድሮው ባዮስ ላይ ሺፍትን ተጫኑ፤ ብቅ ይላል።

ሌላ ጉዳይ። ዊንዶውስ ራሱን ካደሰ በኋላ ሜኑው ጭራሽ የጠፋባችሁ ከሆነ፣ ያ የዚህ ፕሮግራም ሥራ አይደለም። ማሽኑ ግሩብን ትቶ ቀጥታ ወደ ዊንዶውስ እየሄደ ነው ማለት ነው። ወደ ባዮስ ሴቲንግ ግቡና ከቡት ቅደም ተከተሉ ኡቡንቱን ወደ መጀመሪያ አምጡት። ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ።

መመለሻ መንገድ ሳታዘጋጁ አትጀምሩ

ይህቺን ክፍል ሰው ሁሉ ይዘላታል። እባካችሁ አትዝለሏት። የቡት ሜኑ ከተበላሸ ሲስተሙ ራሱ አይከፈትም፤ ሲስተሙ ካልተከፈተ ደግሞ ችግሩን የምትፈቱበት ቦታ የለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ የግሩብን አሠራር በአጭሩ ልንገራችሁ። ሜኑው የሚነበበው ቡት ከሚባለው ፎልደር ውስጥ ካለ አንድ ፋይል ነው። ያንን ፋይል በእጅ አይጽፉትም፤ ተሠርቶ የሚወጣ ነው። የሚሠራው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት በሚባለው ፎልደር ያለው ግሩብ የሚባል የሴቲንግ ፋይል ነው፤ ሰከንዱ፣ የሚመረጠው መስመር፣ የመሳሰለው እዚያ ነው ያለው። ሁለተኛው እዚያው ኢቲሲ ውስጥ ያለ «ግሩብ ነጥብ ዲ» የሚባል ፎልደር ነው። በውስጡ ቁጥር የተሰጣቸው ትንንሽ ስክሪፕቶች አሉ። 10 ያለው ሊኑክስን ይጽፋል፣ 20 ላይ ሜምቴስት አለ፣ 30 ያለው ሌሎች ሲስተሞችን ይፈልጋል። በቁጥራቸው ተራ ነው የሚሠሩት፤ የእኔ ዊንዶውስ ከሜምቴስት ሥር የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ግሩብ ከስተማይዘር የሜኑውን ቅደም ተከተል ስትቀይሩ የሚያደርገው እነዚህን ስክሪፕቶች ማዛወርና በቦታቸው የራሱን መካከለኛ ስክሪፕቶች ማስቀመጥ ነው። ይሠራል። ግን ከዚያ በኋላ ያ ፎልደር ሲስተሙ መጀመሪያ እንዳስቀመጠው አይደለም፤ የግሩብ ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ሊጋጭ የሚችለውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ ሴቲንጉን እንደ ልባችሁ ቀይሩ፣ ቅደም ተከተሉን ግን ካላስቸገራችሁ አትንኩት።

አሁን ሦስት ነገር አድርጉ። ፋይል ማናጀሩን ከፍታችሁ ኢቲሲ ውስጥ ግቡና ያንን የግሩብ ሴቲንግ ፋይልና «ግሩብ ነጥብ ዲ» የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ለማንበብ ብቻ ስለሆነ ፓስወርድ አይጠይቃችሁም። ቀጥሎ ታይምሺፍት የሚባለውን፣ የሲስተሙን ቅጂ (ስናፕሾት) ይዞ በኋላ ወደ እሱ የሚመልስ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ሚንት ላይ አብሮ ይመጣል፣ ኡቡንቱ ላይ ከሌለ ትጭኑታላችሁ። አንድ ስናፕሾት አንሱ። የመጀመሪያው ሲስተሙን በሙሉ ስለሚገለብጥ ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሡት። ሦስተኛ፣ የኡቡንቱ ወይም የሚንት መጫኛ የተጻፈበት ፍላሽ በእጃችሁ ይኑር። ማሽኑ አልነሳም ካለ በእሱ ገብታችሁ ታይምሺፍትን ከዚያ ላይ ማስኬድና ያነሳችሁትን ስናፕሾት መመለስ ትችላላችሁ።

መጫን

መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሞክሩ። የሶፍትዌር መደብሩን ክፈቱና የፕሮግራሙን ስም ፈልጉ። ሚንት ላይ ሶፍትዌር ማናጀር፣ ኡቡንቱ ላይ አፕ ሴንተር ወይም ሶፍትዌር ነው የሚባለው። ሲናፕቲክ የሚባለው የፓኬጅ መጫኛ ፕሮግራም ካላችሁ ደግሞ እሱ ይሻላል፤ ከመደብሩ የሚቀሩ ፓኬጆችን ሁሉ ያሳያል። ከተገኘ ኢንስቶልን ክሊክ አድርጉ፣ ፓስወርድ ስጡት፣ አለቀ።

ተርሚናል የሚቀላችሁ ደግሞ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ ከጎኑ ግሩብ እና ከስተማይዘር የሚሉትን ሁለት ቃላት በአጭር ሰረዝ አያይዛችሁ ጻፉ። እዚህ በእኛ ፊደል አስቀመጥኩት እንጂ ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። ፓስወርዱን ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ኮከብም ነጥብም ላታዩ ትችላላችሁ። እየተቀበለ ነው፤ ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ።

እንዲህ ያለ ፓኬጅ አላገኘሁም ካላችሁ አትደንግጡ። በሁሉም የኡቡንቱ ስሪት ማከማቻ ውስጥ አይገኝም። ያኔ ፒፒኤ የሚባለውን የፕሮግራሙን የራሱን ማከማቻ ትጨምራላችሁ። ላውንችፓድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የፕሮግራሙን ገጽ ስታገኙ፣ «ፒፒኤ» ብሎ የሚጀምርና በፕሮግራሙ ስም የሚያልቅ አንድ መስመር አድራሻ ታያላችሁ። ኮፒ አድርጉት። ከዚያ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» የሚለውን ክፈቱ፣ «አዘር ሶፍትዌር» ወደሚለው ታብ ሂዱ፣ አድ የሚለውን ተጫኑና አድራሻውን ፔስት አድርጉ። ስትዘጉት ዝርዝሩን ላድስ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ በሉት። አሁን እንደገና ፈልጉ፣ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፒፒኤ ስትጨምሩ ለአንድ የውጭ ማከማቻ ሲስተማችሁ ላይ እንዲጭን ፈቃድ እየሰጣችሁ ነው። ከፕሮግራሙ ከራሱ ገጽ ካልሆነ በስተቀር፣ ከሌላ ቦታ ያገኛችሁትን ተመሳሳይ ስም ያለው አድራሻ እንዳታስገቡ።

ከፍታችሁ የምታዩት

ከአፕሊኬሽኖች መካከል ፈልጋችሁ ክፈቱት። ፓስወርድ ይጠይቃል፤ የሚነካው የሲስተም ፋይል ስለሆነ ነው። ትንሽ ይቆያል፣ ዲስኮቹን ሁሉ እየፈተሸ ነው። ከዚያ ሦስት ታብ ያለው መስኮት ይመጣል። «ሊስት ኮንፊገሬሽን» የሜኑው መስመሮች ዝርዝር ነው። «ጀነራል ሴቲንግስ» ሰከንዱና ምርጫው ያለበት ነው። «አፒራንስ ሴቲንግስ» መልኩ ነው።

በመጀመሪያ ዝርዝሩን በዓይናችሁ ብቻ አንብቡት። ዊንዶውስ አለ? ካለ አብዛኛውን ጊዜ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚል ስም ይኖረዋል። ከሌለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ግሩብ ከ2.06 ስሪቱ ጀምሮ፣ ይህም በ2021 የወጣው ነው፣ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገውን ኦኤስ ፕሮበርን ለደኅንነት ሲባል ዘግቶታል። ሁለተኛው ታብ ላይ ሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን ፈልግ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። አሁንም ካልመጣ እዚያው «አድቫንስድ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱና «ግሩብ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር» የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ ሁሉም በካፒታል፣ በቃላቱ መካከል አንደርስኮር ያለው ነው። ዋጋው «ፎልስ» መሆን አለበት። ዝጋ የሚለውን አትዝጋ እያላችሁት ነው፤ አጻጻፉ ግራ ያጋባል፣ ትርጉሙ ግን ይኸው ነው። ሴቭ አድርጋችሁ ፕሮግራሙን ዝጉና እንደገና ክፈቱት።

ዋናው ሥራ

«ጀነራል ሴቲንግስ» ላይ ከላይ ዲፎልት ኤንትሪ የሚል ታያላችሁ። ማሽኑ ማንም ሳይነካው የሚመርጠው መስመር ማለት ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው አስቀድሞ የተወሰነ መስመር ነው። ሁለተኛው ባለፈው ጊዜ የተከፈተውን ድገም የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ተቆልቋይ ዝርዝር አለው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንዳንዶቹ ምርጫዎች በቦታ ናቸው፣ አንደኛ መስመር ሁለተኛ መስመር እያሉ ይሄዳሉ። ሌሎቹ በስም ናቸው። በስም ያለውን «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» ምረጡ። በእኔ ላይ የደረሰው የሚሞሪ ፈተና የደረሰው ቦታውን ስለመረጥኩ ነው። በስም ከሆነ ከላይም ይግባ ከታች አዲስ መስመር ቢጨመር ግድ የለውም።

ሁለተኛውም ለብዙ ሰው ይመቻል። ዛሬ ኡቡንቱ ከፍታችሁ ከነበር ነገም ኡቡንቱ ነው፤ ዊንዶውስ ከፍታችሁ እያለ ሪስታርት ሲያደርግም ተመልሶ ወደ ራሱ ይገባል። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ ሦስት አራት ጊዜ ሪስታርት እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ በየመሀሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይቀራል። አንድ ችግር አለው። ግሩብ የመጨረሻውን ምርጫ ዲስክ ላይ መጻፍ መቻል አለበት። የቡት ፎልደሩ በኤልቪኤም ወይም በቢቲአርኤፍኤስ (ዲስክን የማደራጃ ዓይነቶች ናቸው) ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መጻፍ አይችልም፣ ስለዚህ ይህ አማራጭ አይሠራላችሁም። አንድ ማሽን ለሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ እኔ አልወደውም፤ ማታ እኔ የተውኩት ጠዋት እህቴን ይጠብቃታል።

ከሥሩ ሰከንዱ አለ። እኔ 5 አድርጌዋለሁ። ዜሮ አታድርጉት። ዜሮ ካደረጋችሁት ሜኑው ሳይታይ ያልፋል፣ አንድ ቀን ዲፎልቱ አልነሳ ሲል ሌላውን ለመምረጥ ከቁልፍ ጋር ትታገላላችሁ። ሜኑውን አሳይ የሚለውም ምልክት ይኑርበት።

ከርነል ፓራሜተርስ (ለሊኑክስ እምብርት፣ ለከርነሉ፣ ሲነሳ የሚሰጡ ትእዛዞች) የሚለው ሳጥን ውስጥ «ኳየት ስፕላሽ» የሚል ታያላችሁ። ሲስተሙ ሲነሳ ጽሑፉን ደብቆ ሥዕሉን የሚያሳየው እሱ ነው። የምታደርጉትን ካላወቃችሁ እንዳለ ተዉት።

ዝርዝሩና መልኩ

የመጀመሪያው ታብ ላይ አንድን መስመር ሁለቴ ክሊክ ካደረጋችሁ ስሙን መቀየር ትችላላችሁ። ደስ የሚለው ነገር ግሩብ የሚጠቀምበት ዩኒፎንት የግዕዝ ፊደልን ይዟል። ስለዚህ በግራፊክስ በሚታይ ሜኑ ላይ «ዊንዶውስ» ብላችሁ በፊደላችን መጻፍ ትችላላችሁ። ሜኑው በጽሑፍ ሞድ የሚመጣባቸው ማሽኖች ላይ ግን ፊደሉ ቀርቶ ሌላ ምልክት ይታያል፤ ያኔ በላቲን ፊደል ትመልሱታላችሁ። ስም ከቀየራችሁ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ታብ ተመልሳችሁ ዲፎልቱን እንደገና ምረጡ፤ የተመረጠው በስሙ ስለሆነ ስሙ ሲቀየር ሊያጣው ይችላል።

መስመር መደበቅና በቀስት ወደ ላይ ማምጣትም አለ። ከላይ እንዳልኩት እዚህ ላይ ቁጥብ ሁኑ። ሁለቱን የሚሞሪ መፈተሻ መስመሮች ብትደብቁ ጉዳት የለውም። ተጨማሪ አማራጮች የሚለውን ግን በምንም ዓይነት እንዳትደብቁ። አዲስ ከርነል ገብቶ ሲስተሙ አልነሳም ሲል በድሮው ከርነል የምትገቡት በእሱ ነው።

ስለ መልኩ ብዙ አልልም። ምስል ማስገባት ከፈለጋችሁ ፒኤንጂ ተጠቀሙ፣ መጠኑም ከስክሪናችሁ ጋር ይመጣጠን። ዲስካችሁ ኢንክሪፕት የተደረገ ከሆነ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያለን ምስል ግሩብ በዚያ ሰዓት ማንበብ አይችልም፣ ገና አልተከፈተም፤ የቡት ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ጽሑፉ በምስሉ ላይ እንዲነበብ ቀለሙን አስተካክሉ። ነጭ ሰማይ ላይ ነጭ ጽሑፍ አድርጌ ሜኑውን ማንበብ ያቃተኝ ጊዜ ነበር።

ሴቭ አድርጋችሁ ሞክሩ

ከላይ ሴቭን ተጫኑ። መስመሩ እየሞላ ይሄዳል፤ ዲስኮቹን እንደገና ፈትሾ ያንን የሜኑ ፋይል አዲስ እየጻፈው ነው። ሳይጨርስ አትዝጉት። ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥ «ኢንስቶል ቱ ኤምቢአር» የሚል አለ። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፣ አትንኩት።

ከዚያ ሪስታርት። ምንም ሳትነኩ እጃችሁን ሰብስባችሁ ቁጠሩ። 5 ሰከንድ ሲያልቅ የመረጣችሁት ከገባ አንደኛው ፈተና አለፈ። ቀጥሎ እንደገና ሪስታርት አድርጋችሁ ሌላውን በእጃችሁ ምረጡ። ሁለቱም መነሳታቸውን በዓይናችሁ ሳታዩ ማሽኑን ለሌላ ሰው አትስጡ። አዲስ ከርነል በገባ ቁጥርም አንዴ ቼክ አድርጉ።

ሜኑው መጥቶ መስመር ከጎደለ፣ ወደ ሊኑክስ ግቡና ፕሮግራሙን ክፈቱ፤ የደበቃችሁት ነገር ካለ ከመጣያው ማውጣት ይቻላል። ሜኑው ጭራሽ ካልመጣና ጥቁር ስክሪን ላይ «ግሩብ» የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የሚል መስመር ብቻ ከታየ፣ ያ ግሩብ የሜኑ ፋይሉን አላገኘም ማለት ነው። ዳታችሁ አልጠፋም። በመጫኛ ፍላሹ ግቡና ታይምሺፍትን አስኪዱ። ስናፕሾት ያላነሣችሁ ከሆነ ደግሞ በዚያው ፍላሽ ላይ ቡት ሪፔር የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ የሚመክረውን ጥገና እንዲያደርግ ፍቀዱለት፤ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል።

ፕሮግራሙን ማውጣት ብትፈልጉ

ማጥፋት ብቻውን ያደረገውን ለውጥ አይመልስም። ሴቲንጉም የተዛወሩት ስክሪፕቶችም እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ከማጥፋታችሁ በፊት ፕሮግራሙን ክፈቱና «ሪቨርት» በሚለው ዝርዝሩን ወደ መጀመሪያው መልሱ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ መነሳቱን እዩ። ከዚያ ከመጣበት መደብር አጥፉት፤ ፒፒኤ ጨምራችሁ ከነበርም «አዘር ሶፍትዌር» ላይ ሄዳችሁ እሱንም አውጡት። ዲፎልቱንና ሰከንዱን ብቻ ከሆነ የቀየራችሁት፣ እነዚያ በግሩብ ሴቲንግ ፋይል ውስጥ ስለተጻፉ ፕሮግራሙ ከሄደም በኋላ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ።